የጋፋት የልጅ ልጆች

ወዳጄ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለ ከተማ ነው የሚኖረው። ከአገር ከወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ ማታ፣ እኛ እራት ልንበላ ስንል፣ ለእሱ ገና ቀትር ላይ መሆኑ ነው፣ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ይኼ ልጅ እኮ አፋጠጠኝ» አለኝ።

ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራ ሰጥቷል፤ ቤተሰባችሁ ወደ አሜሪካ መቼና እንዴት እንደመጣ በወረቀት አስደግፋችሁ ጻፉ የሚል። ዘሩ ከአየርላንድ የሆነው ልጅ ቅድመ አያቱ የመጡበትን የመርከብ መዝገብ ቅጂ ይዞ መጣ። ዘሯ ከጣልያን የሆነችው ልጅ ደግሞ የአያቷን አባት የዜግነት ማመልከቻ ከነፊርማው አመጣች። የእኛው ልጅ ያገኘው የአባቱን የዜግነት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ሦስት ጥያቄ ጠየቀ። አክስቴ የአንተ እኅት ከሆነች ለምን የቤተሰብ ስማችሁ አንድ አልሆነም? አንተም ጃንዋሪ አንድ፣ አክስቴም ጃንዋሪ አንድ፣ አብረዋችሁ የመጡት ጓደኞችህም ጃንዋሪ አንድ፤ እናንተ አገር ሰው የሚወለደው በዓመት አንድ ቀን ነው እንዴ? ሦስተኛው ጥያቄ ነው አባትየውን ዝም ያሰኘው፤ እኔ ስሙን የተሸከምኩት ይህ ሰው ማን ነው?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሰው ሲወለድ የራሱ ስም ይወጣለታል፣ ከጎኑ የአባቱ ስም ይቀመጣል፣ በቃ። ወዳጄ ሱዳን ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ቅጽ ሲሞላ ጸሐፊው «የመጨረሻ ስም» ሲለው የመጨረሻ የተባለው የአያቱ ስም መስሎት አያቱን ነገረ። እኅቱ ከዓመት በኋላ ስትመጣ በአባቷ ስም ቆመች። አንድ እናት የወለደቻቸው ወንድምና እኅት እንዲህ ሆነው ባለ ሁለት ቤተሰብ ሆኑ። ልደቱም እንደዚሁ ነው። ዓመቱን በግምት የሚያውቅ፣ ቀኑን ግን በወረቀት የሌለው ስደተኛ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ይሰጠዋል። የሶማሌውም፣ የአፍጋኑም፣ የሱዳኑም ስደተኛ ልደት በዚያው ቀን ነው። ቀኑን የሚያውቅ ቢኖርም እኮ ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ፣ ገና የወር ልዩነት አለ። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰውማ ለጸሐፊው ምን ብሎ ያስረዳዋል? አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ቢነግረው ያበደ ነው የሚመስለው።

አሜሪካኖቹ ግን በዚህ ነገር አይቀለዱም። የዘር ግንድ ፍለጋ እነሱ ዘንድ ከጡረተኛ እስከ ተማሪ የሚዋልበት ሥራ ነው። ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለችው ኤሊስ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ድረስ ሚሊዮኖችን ስትቀበል መርከቦቹ የተሳፋሪውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የመጣበትን መንደር የያዘ መዝገብ ያስረክቡ ነበር። ብዙ ቤተሰብ «ስማችንን የኤሊስ ደሴት ጸሐፊዎች ለወጡብን» ሲል ይሰማል፤ ጸሐፊዎቹ ግን ከመርከቡ መዝገብ ነበር የሚያመሳክሩት። ስሙን የለወጠው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ፣ ወይ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ። የዜግነቱ ወረቀት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 1906 ድረስ ማንኛውም ፍርድ ቤት በፈለገው ቅጽ ዜግነት ይሰጥ ነበር፤ አንዳንዱ ወረቀት ከስምና ከቀን በስተቀር ምንም የለበትም። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ቅጹ በአገሩ ሁሉ አንድ ሆነ፣ ቅጂውም ዋሽንግተን ይቀመጥ ጀመር። ስለዚህ ከ1906 ወዲህ የገባ አያት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

አያቱ ወንድ ከሆነ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1922 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ያገባች ሴት ዜግነቷ የባሏ ነበር። ባል ዜጋ ሲሆን እሷም ትሆናለች፤ ማመልከቻ የላትም፣ ፊርማ የላትም፣ ብዙ ጊዜም በራሷ ስም የተጻፈ አንዲት ወረቀት የላትም። ዘር ፈላጊዎቹ በየመጽሐፋቸው የሚያማርሩት ይህንኑ ነው፤ አባቶችን እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረው እናቶች ዘንድ ሲደርሱ መንገዱ ይጠፋል። ይህን ለወዳጄ ስነግረው «እኛ ዘንድስ?» አለኝ። እኛ ዘንድማ፣ አልኩት፣ ጋፋት አለልህ።

ደብረ ታቦር ላደገ ሰው ጋፋት ሩቅ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ በእግር የሚደረስበት ጉብታ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ሴባስቶፖል የተሠራበት ቦታ መሆኑን ብቻ ነበር የምናውቀው። መምህሩም ከዚያ በላይ አልነገረንም። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች ከየት መጡ፣ እዚህ ማንን አገቡ፣ ልጆቻቸውስ የት ገቡ ብሎ የጠየቀም ያስጠየቀም አልነበረም። እኛ የምናስበው መድፉ ከባድ መሆኑን ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት የተጎተተ።

ሰዎቹ ብዙዎቹ የመጡት ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ካለ ቅዱስ ክሪሾና ከሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ቄስ ሳይሆን ባለሙያ ሚሲዮናዊ ነበር የሚያሠለጥነው፤ አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ግንበኛ። ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ነው፤ እሱ ራሱ ቀደም ብሎ ትግራይና ጎንደር ኖሮ የሄደ ሰው። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መጡ፤ ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከወንጌሉ ይልቅ መዶሻውን ወደዱት። መንገድ ሥሩልኝ፣ ሠረገላ ሥሩልኝ፣ በመጨረሻም መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ለዚህ ሥራ የተሰጣቸው ቦታ ጋፋት ነው።

ከሚሲዮኑ ውጭ የመጡም ነበሩ። ሞሪትዝ ሆል የሚባለው በፖላንዷ ክራኮው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በኋላ ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ነው። መድፍ በማቅለጡ ሥራ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የእሱ ነው። ኤድዋርድ ዛንደር ደግሞ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ መጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ ግዛት ኖሮ፣ ደረስጌ ማርያም ስትሠራ እጁን ያስገባ፣ ውቤ ሲወድቁ ለቴዎድሮስ ያደረ። እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የመጣ ነው። የንጉሡ ሊቀ መኳስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1860 በጦርነት ላይ እስኪሞት ድረስ ከጎናቸው አልተለየም።

እነዚህን ሰዎች ሲገቡ ቪዛ የጠየቃቸው የለም። የመግቢያ ፈቃዱ የንጉሡ ቃል ነበር። መውጫውም እንደዚያው የንጉሡ ቃል ሆነና መከራው የመጣው በዚያ ነው። የእንግሊዙ ቆንሲል ካሜሮንና ሚሲዮናዊው ስተርን ታሰሩ፣ ሊያስፈታ የመጣው ራሳምም ታሰረ፣ የጋፋት ባለሙያዎችም ከእስር ያልተናነሰ ኑሮ ኖሩ። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ጋፋቶችም ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው፣ ከነመድፉ ተነሡ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ሞቱ። እንግሊዞች ፈረንጆቹን ቤተሰባቸውን አስከትለው ወደ ዙላ ወደብ ወሰዷቸው።

ያንጊዜ ስለዚህ ጉዳይ በአውሮፓ ስንት መጽሐፍ ታተመ! እስረኞቹ እየተፈቱ ሲሄዱ ስተርን ጻፈ፣ ዶክተር ብላንክ ጻፈ፣ ራሳም ጻፈ፣ ቆየት ብሎ ዋልድማየርም ጻፈ። እነዚያን መጻሕፍት ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ወንዱ በስሙ ከነአባቱ ተጽፎ ይገኛል። ሚስቱ ብዙ ጊዜ «ሚስቱ» ናት፤ ልጆቹም በቁጥር ናቸው። እዚያ «ሚስቱ» የሚለው ቃል ውስጥ የተቀበሩት ሴቶች ብዙዎቹ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው፣ ወይም እናቶቻቸው የእኛ አገር ሴቶች ናቸው።

የጆን ቤል ሚስት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ከሴት ልጆቹ አንዷን ዋልድማየር አገባት፣ ሌላዋን ዛልሙለር። ከመቅደላ በኋላ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በሚባል ተራራማ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤቱ እስካሁን አለ። በስተርጅናውም ቤይሩት አጠገብ አስፉሪየህ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ በዚያ አካባቢ በዘመናዊ ሕክምና ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የትምህርት ቤቱ መሥራች ማነው ቢባል ስዊዘርላንዳዊ ይባላል፣ ትክክልም ነው። ያንን ቤት አብራው ያቆመችው ግን በጌምድር ያገባት የቤል ልጅ ነበረች። ማየር እንኳ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ይላል፤ አገሩን ወዶ ነው መሰል ተመልሶ ወደ ምኒልክ ሸዋ መጣ።

አሁን ወደ ሞሪትዝ ሆል እንመለስ፤ ወረቀት ለሚፈልግ ሰው የዚህን ቤተሰብ ያህል የሚያስገርም አላውቅም። ሆል የሠዓሊውን የዛንደርን ልጅ አገባ። በፈረንጆቹ ወረቀት ስሟ ካታሪና ነው። በእኛ ወለተ ኢየሱስ። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። (ወለተ ኢየሱስ የሚለውን ስም ይዞ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ገብቶ ዘር እፈልጋለሁ የሚል ሰው እግዜር ይርዳው፤ ከደጀ ሰላሙ እስከ ገበያው ያለችው ሴት ሁሉ በክርስትና ስሟ ወለተ አንድ ነገር ናት።) እ.ኤ.አ. በ1868፣ በዚያው በመቅደላ ግርግር ሰሞን፣ ሴት ልጅ ወለዱና ስሟን ማግዳሌና አሉት። የማርያም መግደላዊት ስም ነው ቢባል ያስኬዳል፤ መቅደላንም ነው ብንል የሚከለክለን የለም።

ቤተሰቡ ኢየሩሳሌም አካባቢ ደርሶ ያፋ ከተማ ሰፈረ። ያፋ ያን ጊዜ በቱርክ ሱልጣን ሥር ናት፤ የጀርመን ሰፋሪዎች መንደር ነበራት። እዚያ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል የሩሲያ መኳንንት ሰው ይኖር ነበር። ይህ ሰው ሃይማኖቱን ወደ ፕሮቴስታንት በመለወጡ ከአገሩ ወጥቶ በደቡብ ጀርመን የቩርተምበርግ መንግሥት ዜግነት ያገኘ ነው። ማግዳሌናን አገባ። የመጀመሪያ ልጃቸው ዮና እ.ኤ.አ. በ1892 እዚያው ያፋ ተወለደ። እስቲ የዚህን ሕፃን ዜግነት ንገሩኝ። አባቱ ጀርመናዊ የሆነ ሩሲያዊ፤ የእናቱ አባት ክርስቲያን የሆነ የክራኮው አይሁድ፤ የእናቱ እናት ግማሽ ጀርመን ግማሽ ኢትዮጵያዊት፤ የተወለደበት አፈር የቱርክ። ወረቀቱ ግን አንድ ቃል ነው የያዘው፤ ጀርመናዊ።

ዮና አድጎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን በአውሮፕላን ተዋጋ። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሄዶ ጋዜጠኛ፣ ከዚያም በጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ኃላፊ ሆነ። ወዳጆቹ ክሎፕ ይሉት ነበር፤ በሩሲያኛ ትኋን ማለት ነው። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ወራት ሳይቆይ አንድ ሕግ አወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ዘሩን በወረቀት ያስረዳ፤ ከአያቶቹ አንዱ እንኳ አይሁድ ከሆነ ከሥራ ይባረራል። የአራት አያቶች የጥምቀትና የጋብቻ ወረቀት ፍለጋ ጀርመን ሁሉ በየቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ቤት ተሰለፈ። ዘር ቆጠራ ለጨዋታ፣ ወይም ለርስት፣ ወይም ለትዳር ሳይሆን ሰውን ከሰውነት ለማውጣት ሲያገለግል የታየበት ዘመን ነው። ለክሎፕ ያ መድፍ አቅላጭ አያቱ፣ ጋፋት ላይ ከሰል ሲያነድ የኖረው ሰው፣ ከመቃብር ተነሥቶ እንጀራውን ሊያሳጣው መጣ።

ክሎፕ ዘሩን በወረቀት ማስረዳቱን እንቢ አለ። ሥራውን ተወና እ.ኤ.አ. በ1935 የእንግሊዝ ዜግነት ጠየቀ። ከዚያ በፊትም ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት መሥራት ጀምሮ ነበር። በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ አሠራር ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ ማውጣት ነበረበት። የለንደን ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ጀርመኖቹ ያዩታል። ስለዚህ ማስታወቂያው በዌልስ ቋንቋ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጣ ይባላል። ሕጉ ተፈጸመ፣ ያነበበውም የለም። ልጁ ፒተር ይህን ታሪክ ሲያወራ እየሳቀ ነበር።

ፒተር ኡስቲኖቭ ማለት ያ ታዋቂው ተዋናይ ነው፤ ሁለት ኦስካር የበላው፣ በስፓርታከስና በቶፕካፒ። በዕድሜ የገፉ አንባቢዎች በኔሮ ቄሣርነቱም ያስታውሱት ይሆናል። የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆኖ ብዙ ዘመን አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ2004 አረፈ። ኢትዮጵያዊት ቅድም ቅድመ አያት እንዳለችው ያውቅ ነበር፣ ይናገርም ነበር። እንግዲህ እንደ ወዳጄ ልጅ የቤት ሥራ የተሰጠው አንድ ተማሪ ይህን ሰው በወረቀት ብቻ ልከተለው ቢል የት ይደርሳል? ለንደን ላይ የአባቱን የዜግነት መዝገብ ያገኛል፤ የቀድሞ ዜግነት ጀርመን፣ የትውልድ ቦታ ያፋ ይላል። በአባት በኩል ወደ ኋላ ከሄደ ቩርተምበርግን፣ ከዚያ ሩሲያን ያገኛል። ኢትዮጵያ የሚለው ቃል የትም አይገጥመውም። ወደ ጋፋት የሚያደርሰው ብቸኛ መንገድ በእናት ነው። ከዮና ወደ እናቱ ወደ ማግዳሌና፣ ከማግዳሌና ወደ እናቷ ወደ ወለተ ኢየሱስ፣ ከወለተ ኢየሱስ ወደ እናቷ። ሦስት ሴቶች በተከታታይ። የወረቀቱ ሰዎች ደግሞ ቸል ያሉት እነዚህኑ ነው።

ደብረ ታቦርን ካነሣን አይቀር ሌላም ልጅ አለን። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1861 የተወለደው ደብረ ታቦር ነው። ሰባት ዓመቱ ላይ እንግሊዞች ሲወስዱት እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞታ ትግራይ ጨለቆት ቀረች። የዚህ ልጅ ወረቀት ሙሉ ነው። የተነሣው ፎቶግራፍ አለ፣ የተማረበት የራግቢ ትምህርት ቤት መዝገብ አለ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በማስታወሻዋ የጻፈችው አለ፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ የሞተበት ቀን አለ፣ ዊንድሰር ያረፈበት ቦታ አለ። አፅሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ግን ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. አልቀበልም አለ፤ የሌሎቹ ሙታን ዕረፍት እንዳይናወጥ በሚል። ወረቀቱ ሳይጎድል ሰው መጥፋቱን ለማየት ከዓለማየሁ ወዲያ መሄድ አያስፈልግም።

እኛ አገር ቀድሞ ወረቀት ባይኖርም መዝገብ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። መዝገቡ ሰው ነበር። በበጌምድርም ሆነ በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነው። አንድ ሰው ርስት ልጠይቅ ካለ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው ድረስ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ተከራካሪው ደግሞ «እሷ ላይ ስተሃል፣ እሷ የእገሌ ልጅ አይደለችም» ብሎ ያቋርጠዋል። እሷ! የእኛ ርስት በአባት ብቻ አይቆጠርም፤ በእናትም፣ በእናት አባትም፣ በአባት እናትም ይሄዳል። መሬት በሴት ቅድመ አያት በኩል ሊገኝ ይችላልና የሴት ቅድመ አያቱን ስም የረሳ ገበሬ ሞኝ ነው። አሜሪካኖቹ የሴቶቹን ስም ባጡበት ዘመን የፋርጣና የእስቴ ሽማግሌ የአያቱን አያት እናት ከነወንድሞቿ ይቆጥር ነበር። ለጽድቅ ብሎ አይደለም፣ ለእርሻ መሬቱ ብሎ ነው።

ይህም ቢሆን ከጥፋት አልዳነም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ዘር የመቁጠር ጥቅሙ አብሮ ቀረ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ አወጣ፣ አልከራከርም፤ የበጌምድር ገበሬ ግን በአንድ ቀን ዘር የሚያስቆጥረው ነገር አጣ። ከዚያ በኋላ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠሩ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም ከተሜው ንቆታል። ወረቀቱ ደግሞ ገና አልደረሰም ነበር። ልደትና ሞትን በመላ አገሪቱ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከል ያለው የአርባ ዓመት ትውልድ ሽማግሌውም አልቆጠረው፣ መዝገቡም አልጻፈው። ወዳጄና እኔ የዚያ ትውልድ ነን።

የዜግነት ሕጋችን እንኳ ከመዝገቡ በፊት የመጣ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። ለዘመኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ልሁን ቢል አምስት ዓመት የኖረ፣ ሠርቶ የሚያድር፣ አማርኛ አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ መሆን ነበረበት። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ ስንቱ ነበር፤ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች እንኳ የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆነው ነበር። ሕጉ ግን ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ ሰው ካገባችና የባሏን ዜግነት ካገኘች ኢትዮጵያዊነቷን ያስቀርባት ነበር። የአሜሪካንን ሴቶች ከወረቀት ያጠፋው አሠራር እኛም ዘንድ በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270፣ ቢጫ ካርድ የምንለው የመጣበት ማለት ነው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊን መብት እስከ ቅድመ አያት ድረስ ወሰደው። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ይጠይቅ አለ። እኔ አንዳንዴ ሰር ፒተር ኡስቲኖቭ በእርጅናው ለንደን ኤምባሲያችን ገብቶ ቢጫ ካርድ ሲጠይቅ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። «የቅድመ አያትዎን ስም?» «ወለተ ኢየሱስ።» «የአባት ስም?» «ዛንደር።» «ዛንደር?» «ሠዓሊ ነበር፤ እናቷ ግን የእናንተ ናት።» «ማስረጃ ይዘዋል?» ደጋፊ ወረቀት አምጡ ተብሎ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲመለስ የሚነገረው ይመስለኛል።

ቀልዱ ግን ወደ እኛው ነው የሚዞረው። ዛሬ በየአሜሪካው ከተማ የሚያድጉት ልጆች የልጅ ልጆች የዛሬ መቶ ዓመት ወረቀት መፈለጋቸው አይቀርም። የሚያገኙት ምን እንደሆነ አሁኑኑ መናገር ይቻላል፤ ጃንዋሪ አንድ የተወለደ፣ ከወንድሞቹ በስም የተለየ፣ ስሙ በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ሰው ነው። የትውልድ ቦታ «ጎንደር» ይላል፤ የቱ ጎንደር? ወዳጄ የተወለደው ፋርጣ ነው፤ ከቀበሌው ስም ይልቅ ጎንደር ስለሚታወቅ ጎንደር ብሎ ሞላ። ሱዳን ላይ ብዙ ሰው ለደኅንነቱ ሲል ስሙን ጭምር ለውጦ እንደገባም እናውቃለን። እነዚህን ሰዎች የሚያገናኝ ክር ያለው አሁን በሕይወት ባሉ አረጋውያን አፍ ብቻ ነው፤ እነሱም እያለቁ ነው።

ለወዳጄ ያልኩት ይህንን ነው። አባትህ አሉ አይደል? ደውል። ልጁም ይስማ።

ደወሉ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው ልጁ ደብተሩን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ደከም ቢልም ምላሳቸው እንደነበረ ነው። «አባየ፣ ይህ ልጅ የማን ስም ነው የተሸከምኩት ይላልና ንገሩት፣ አንቱ ታውቁታላችሁ» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ያ ስም የእሳቸው አባት ስም ነው። በጣልያን ጊዜ ጋይንት በረሃ ወርደው፣ ቆስለው ተመልሰው፣ እንደገና ያረሱ ሰው ነበሩ። ከዚያ በላይ ያሉትን ሰባት አባቶች ሳያቋርጡ አወረዷቸው፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ፊደል እየተንደፋደፈ ጻፈ። ወዳጄም ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀውን ጠየቀ። እኔ የተወለድኩት መቼ ነው? «አንተማ» አሉ ሽማግሌው፣ «ታላቅ ወንድምህ ድቁና በተቀበለ በዓመቱ፣ የጥቅምት ገብርኤል ማግስት ነው። ለናትህ ገንፎው ሲገነፋ ዶፍ ዘነበ።» ጥቅምት 20 ማለት ነው። ጃንዋሪ አንድ አይደለም።

ልጁ ይህንንም ጻፈና ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ከስልኩ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ልጀ፣ የናትህን ወገንስ ማን ቆጠረልህ?»

የልጁ እናት የነቀምት ልጅ ናት። ወጥ ቤት ሆና ስትሰማ ነበርና እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች። እዚያ እናቷ አሉ። ሰዓቱን አየች፤ ነቀምት ገና አልመሸም።